ሰሊጥ ቆሞ ነው የሚደርቀው

ሲያምር ደግሞ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ፣ አስቀያሚ ክምር ቢሆን ኖሮ ሰነፍ ነው ብዬ እገላገል ነበር፣ ፈንቴ ግን ዙሪያውን እያስተካከለ፣ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ ዝናብ እንዳይገባው ጉልላቱን እያሾለ፣ ወሎ ላይ ጤፉን እንደሚከምረው አድርጎ ነው ሰሊጡን የከመረው፣ ከዚያ ወገቡን ይዞ ፈቀቅ ብሎ አየውና፣ ካቦ እንዴት ነው አለኝ፣ ፊቱ በላብ ወዝቶ፣ እየሳቀ። እኔስ ምን አልኩ። በርታ አልኩት። በርታ ብዬው ሄድኩ።

አሁን እሱን አታስብ፣ ስብሰባ ላይ ነህ፣ ቀና በል። መጋዘኑ ምድጃ ሆኗል፣ ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰናል፣ የእርሻው ሠራተኛ በሙሉ ባዶ ጆንያ አንጥፎ ተቀምጧል፣ በዚህ ሰሞን ሞልቶ ተሰፍቶ መደርደር የነበረበት ጆንያ፣ እኔ ካቦ ስለሆንኩ ከፊት ነኝ፣ ከፊት መቀመጥ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፣ ዛሬ የሰው ዓይን ሁሉ ጀርባዬ ላይ የተለጠፈ ይመስለኛል። ጠረጴዛው ኋላ ኃላፊያችን ጓድ ደሞዝ ቆሟል፣ ከጎኑ ፈንቴ፣ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያሻሸዋል። ጓዶች፣ ይላል ጓድ ደሞዝ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ማሳ ላይ የደረሰው ውድመት እንደ ተራ ስህተት አይታይም፣ መሬት ላይ የፈሰሰው የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው፣ እንዲህ ያለው ድርጊት ስም አለው፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል። አሻጥር። ፈንቴ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቃሉን የሚያውቀው አይመስለኝም፣ ትልቅ ሰው ሲናገር መነቅነቅ ያደገበት ነው፣ ተው አንተ ሰውዬ አትነቅንቅ፣ እየተስማማህላቸው እኮ ነው።

ትናንት ጠዋት ሊያራግፉት ሸራ ዘረጉ፣ ፈንቴ ከክምሩ አናት የመጀመሪያዋን እስር ብድግ ሲያደርግ ፍሬው እንደ ውኃ ወረደ፣ ሁለተኛዋንም ሲያነሳ ወረደ፣ ከሥር ያለው ደግሞ ታፍኖ ሻግቷል፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የእኛ መሬት ዋልካ ነው፣ ኅዳር ሲገባ ይሰነጣጠቃል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፣ እዚያ የገባ ፍሬ አይመለስም፣ ፈንቴ ግን ተንበርክኮ ጣቱን እየከተተ ያወጣ ጀመር፣ አፈር ከፍሬ፣ ፍሬ ከአፈር፣ ተው አልኩት፣ አይሆንልህም ተው፣ ቀና ብሎ አየኝና፣ ምን በድየው ነው አለኝ፣ ሰሊጡን እኮ ነው፣ ሰሊጡን ምን በድየው ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

ሰሊጥ ቆሞ ነው የሚደርቀው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ እስሮቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ይቆማሉ፣ ያን የቆመውን ነው ሂላ የምንለው፣ ፀሐይ ሲመታው ፍሬ የያዘችው ከረጢት ከጫፏ ትከፈታለች፣ ቆማ ከሆነ ፍሬው ውስጧ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፣ ተኝታ ከሆነ አለቀልህ። ይህን የቆላ ሰው አይማረውም፣ ያውቀዋል፣ እንዴት አወቅከው ብትለው ግራ ገብቶት ያይሃል። ለመናገር አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። እኔ ያችን ትንፋሽ ሰሰትኩ።

አልሰሰትኩም፣ ረሳሁት ነው፣ የልምድ ልውውጡ ዕለት ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው፣ ወሎዬዎቹ ገና ከመኪና መውረዳቸው ነበር፣ በየገበሬ ማኅበራቸው ተመልምለው ለአጨዳ የመጡ፣ ሰሊጥን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች፣ ጓድ ደሞዝ ከፊታቸው አቆመኝና፣ ጓዶች፣ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ዕውቀት የሕዝብ ዕውቀት ሊባል አይችልም፣ ስለዚህ ጓድ ማሩ በረጅም ጊዜ ሥራ ያካበተውን ልምድ ዛሬ ያካፍለናል፣ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከእንግዲህ ማሩ ኖረም አልኖረም እርሻው አይጎድልም አለ። ተጨበጨበ። ማሩ ኖረም አልኖረም። የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው፣ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት የሚቀበር ሥራ ምን ሥራ ነው፣ ገብቶኛል፣ ጠፍቶኝ አይደለም፣ የእኔ ጆሮ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር አልኖረም የሚለውን ብቻ ነው የያዘው።

ምክንያቱም ካቻምናም አምናም ለሚሊሺያ ሰው ስጡ ሲባል ስሜ ተነስቷል፣ ያስቀረኝ ጓድ ደሞዝ ነው፣ ይኼ ሰውዬ ከሄደ ሰሊጡን ማን ያነሳልኛል ብሎ ተሟገተልኝ፣ በኔ ፈንታ አብራን የምትሠራው የመነን ባል ሄደ፣ አናጺ ነበር፣ አናጺ አይጠፋም ተባለ፣ መነን ይኸው ከሸሕዲ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ሥራዋን ጥላ መንገድ ትወጣለች፣ ስታየኝ ዓይኗ ይደፈርሳል፣ ወይም ለእኔ ይመስለኛል። ዘንድሮም ትእዛዙ መጣ፣ ከእርሻው አንድ ሰው። ባለቤቴ ውባንች የልምድ ልውውጡን በዋዜማው ስነግራት እንጀራውን እንደያዘች ቀረች፣ ሁሉን ልትነግራቸው ነው አለችኝ፣ ምን ላድርግ ታዝዤ ነው ስላት፣ ሰውዬ፣ ከሷ ሌላ ምን አለህ አለችኝ። ምን አለኝ። መሬት የለኝ፣ ባለሥልጣን ዘመድ የለኝ፣ ፊደሉንም ቢሆን በመሠረተ ትምህርት ነው የለቃቀምኩት፣ ያለችኝ እጄ ላይ ያለችው ነገር ናት፣ ከጦር ሜዳ የምታስቀረኝም እሷው ናት።

በማግስቱ ግን አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን ይታጨዳል አልኩ፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ማሳው ላይ ይረግፋል አልኩ፣ ማጭዱ ከሥር ነው የሚገባው፣ ሲያዝ አይነቀነቅም፣ በገዛ አገዳው ይታሰራል፣ ጓድ ደሞዝ ይጽፋል፣ ከዚያስ አለኝ፣ ከዚያማ ሲደርቅ ይራገፋል አልኩ። ሲደርቅ ይራገፋል ብሎ ጻፈ። በመሃል አንድ ነገር ተዘለለ፣ ዘለልኩት ወይስ ዘለለኝ፣ እምላለሁ እዚያ ጋ ስደርስ አፌ ውስጥ ምንም ቃል አልነበረም፣ ሥራው እኮ ቃል ሆኖ አያውቅም፣ ማንም በቃል አልሰጠኝም፣ እጄ ግን፣ እጄ ሳላዘው አየር ላይ እስር ያቆም ነበር፣ መዳፍ ከመዳፍ ተገጥሞ፣ ጣት ሁሉ ወደ ላይ፣ አየሁት፣ አየሁትና ኪሴ ከተትኩት። እጁን ኪሱ የደበቀ ሰው ረሳሁ ይላል። ዓይንህን በጨው አጥበህ ተናገር እንግዲህ።

ከዚያ በኋላም ጊዜ ነበረኝ፣ እሱ ነው የሚያሳፍረው፣ ክምሩን ያየሁ ዕለት አገዳው ገና እርጥብ ነበር፣ ከረጢቱ አልተከፈተም፣ በዚያው ዕለት አፍርሰን ብናቆመው አንዲት ፍሬ አትወድቅም ነበር። ፈንቴ በርታ ስለው ደስ ብሎት ከጨርቁ ፈታ አድርጎ ያገሩን ቆሎ ዘገነልኝ፣ እያኘክሁ ስለ ቤቱ ያወራልኛል፣ አጨዳው ሲያልቅ ሀገሬ ገብቼ የጎጆዬን ክዳን አድሳለሁ፣ ክረምቱን አፈሰሰብን፣ ሚስቴ በየማዕዘኑ ቅል ስትደቅን ከረመች ይለኛል፣ ቆሎውን እየበላሁ ክምሩን አያለሁ፣ ጣፋጭ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ወደዚያ ማዶ ድርሽ አላልኩም፣ ትራክተሩ ተበላሽቷል፣ ጆንያ መቁጠር አለብኝ፣ አብደራፊ የሚሄድ መኪና መሸኘት አለብኝ፣ ሥራ ስፈልግ ሥራ ሞልቶ። ወሬ ነው። ንገረው እውነቱን ለራስህ እንኳ፣ ማንም አይሰማህም፣ ትንሽ ይበላሽ ብለህ ነው። ትንሽ ብቻ፣ ጥግ ጥጉ፣ ያለ ማሩ እንደማይሆን የሚታይባት ያህል። ማሳው ሙሉ ይሄዳል አላልኩም። ሰው ይሄዳል አላልኩም።

ኧረ ቆይ እስቲ ጓድ። ማን ናት፣ ታንጉ ናት፣ ለሠራተኛው ወጥ የምትሠራው፣ ዕድል ሳይሰጣት ብድግ ብላለች፣ ወገቧን ይዛለች፣ ተደጋ የመጣ ሰው ሰሊጥ እንደሚቆም በምን ያውቃል፣ ማን ነገረው፣ ነግራችሁታል ወይ ነው የምለው እኔ። ሥርዓት፣ ጓድ ታንጉ፣ ሥርዓት ይያዝ፣ ይላል ጓድ ደሞዝ፣ ጥያቄው ግን ዘልቆታል፣ ላቡን ጠርጎ ወደ እኔ ይዞራል፣ ጓድ ማሩ፣ በልምድ ልውውጡ ላይ ይህንን በሚገባ አስተምረሃል፣ አይደለም እንዴ። አይደለም እንዴ ሲል ድምፁ ውስጥ ልመና አለ፣ ወረቀቱን የጻፈው እሱ ነው፣ ይኸው ከኋላው ተሰቅሏል፣ የጎደለውን ትናንት ነው ያወቀው፣ ከበላይ መጥተው ቢያነቡት እሱም አያመልጥም፣ ሁለታችን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነን። ወሎዬዎቹ ከኋላ ይተያያሉ፣ እንዳልተነገራቸው ያውቃሉ፣ ማን አፍ አለው፣ እንግዶች ናቸው።

ነቀነቅኩ።

አዎ እንኳ አላልኩም፣ በራሴ ነው የዋሸሁት፣ ወደ ታች ወደ ላይ፣ እንደ ገበያ በግ። ጉድ ነው፣ ትላለች ታንጉ ስትቀመጥ፣ ቀስ ብላ፣ እኔ እንድሰማው ያህል። ፊቴ ይነዳል፣ ሙቀቱ ነው፣ ሙቀቱ አይደለም።

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መናገር ማንም ትዝ አይለውም፣ እሱን ይዤ ነበር የምጽናናው፣ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ እሱን ይዤ ነው የተገላበጥኩት፣ ውሸት ነው፣ እኔ የቆላ ሰው አይደለሁም እኮ። ከወገራ ነው የወረድኩት፣ ለአጨዳ፣ እንደ ፈንቴ ማጭዴን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ መሬቱ ገና የግለሰብ በነበረበት ጊዜ አብዱልሀኪም የሚባሉ ባለመሬት ማሳ ላይ ተቀጠርኩ፣ የመጀመሪያዋን እስር ምን አደረግኳት። አስተኛኋት። ጤፍ ነው የማውቀው፣ አስተኛኋት፣ በላይዋ ሌላ ደረብኩ፣ በላይዋ ሌላ፣ በሥራዬ ኮርቼ አንገቴን ቀና አድርጌ አብዱልሀኪምን አየኋቸው፣ ከጥላው ተነስተው መጡ፣ ጀላቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉ፣ አልተቆጡም፣ አልሳቁብኝም፣ አንዷን አንስተው አቆሟት፣ እጄን በእጃቸው ይዘው ሌላዋን አስነሱኝ፣ አስደገፉኝ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጤፍ አይደለም፣ አፉን ወደ ሰማይ፣ እንዲህ፣ ተማም፣ ጥሩ ነው፣ በል አሁን አንተ። ይኸው ነው ትምህርቱ፣ ተመልሰው ጥላቸው ሥር ተቀመጡ። ይኼ ደገኛ ነገ ቦታዬን ይወስድብኛል አላሉም፣ በኋላ እውነትም መሬታቸው የመንግሥት ሆኖ እኔ በላዩ ላይ ካቦ ሆንኩበት፣ እሳቸው መተማ ላይ ሳሙናና ክብሪት ይሸጣሉ፣ በሱቃቸው ባለፍኩ ቁጥር፣ ማሩ፣ ሰሊጡ እንዴት ነው ይሉኛል፣ ቂም የለባቸውም፣ እኔ ነኝ መንገድ መቀየር የጀመርኩት።

እንግዲህ ደገኛ የመጀመሪያዋን እስር ምን እንደሚያደርጋት በዚህ መጋዘን ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እነዚህ ሁሉ ቢረሱት ይፈረድላቸዋል። የፈንቴን ክምር ሳይ የራሴን ነው ያየሁት፣ ለዚህ ነው ለዓይኔ ያማረው። ረስቼ አይደለም፣ ቃል አጥቼም አይደለም፣ አውቄ ነው፣ አፍራለሁ፣ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ አፍራለሁ።

ራስህን የምትከላከልበት ነገር ካለ ዕድል ተሰጥቶሃል፣ ይለዋል ጓድ ደሞዝ። ፈንቴ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። እኔ ምን አለኝ ጌታየ፣ ጓዴ ማለቴ ነው፣ ጥፋቱ ተኔ ነው፣ ተሀገሬ እንደለመድሁት ከመርሁት፣ ተንኮልስ የለብኝም፣ እግዜር ያውቃል፣ ሰውም አላሳሳተኝም፣ ካቦም ቢሆን፣ ይልና ወደ እኔ ያያል፣ አሁን ሊለው ነው፣ ክምሩን አይቶ በርታ ብሎኛል ሊል ነው፣ በለው፣ በለውና ልገላገል፣ አትበለው፣ በእናትህ አትበለው፣ ፈንቴ ቆቡን ያገላብጠዋል። ካቦም ቢሆን ደግ ሰው ነው ይላል፣ ተሱ ምንም የለበትም።

ዘለለው። አላስታወሰውም እንዳልል ዓይኑን አይቼዋለሁ፣ ያስታውሰዋል፣ ከአፉ ጫፍ ደርሶ ነው የመለሰው፣ እኔን ላለማስያዝ። እኔ ለራሴ ብዬ ዘለልኩ፣ እሱ ለእኔ ብሎ ዘለለ፣ ሁለታችንም ዝም አልን፣ አንድ ዓይነት ዝምታ አይደለም። ውጪ ትራክተሩ ይንተፋተፋል፣ ያ የተበላሸ ያልኩት፣ ምንም አልሆነም ትራክተሩ።

እንግዲህ ጓዶች፣ ይላል ጓድ ደሞዝ፣ ድምፁ እንደ ራዲዮ ተለውጧል፣ በሕዝብ ሀብት ላይ ጉዳት ያደረሰው ግለሰብ እርሻችን በዚህ ዓመት ለሚሊሺያ የሚያበረክተው ሰው ሆኖ እንዲላክ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ የምትደግፉ፣ እጃችሁን በማውጣት። ማንም አያወጣም። ጓድ ደሞዝ ይጠብቃል፣ ሁሉም ይጠብቃል፣ ዝንብ ይጮኻል። አሁን ነው ማሩ፣ ከአሁን ወዲያ አሁን የለም፣ ዕድል ጠይቅ፣ ቆይ ጓድ በል፣ አልነገርኩትም በል፣ አጭር ነው፣ ክምሩን አይቼ ዝም አልኩ በል፣ አንተስ ትሂድ፣ ይላኩሃ፣ ውባንች ታለቅሳለች፣ ታልቅስ፣ የእሱም ሚስት ቅል ደቅና እየጠበቀች ነው፣ ደሞ ማን ያውቃል ላይልኩህም ይችላሉ፣ ተነስ፣ እግሬ አይታዘዝም፣ እጄ ይታዘዛል፣ እጄን አወጣሁ።

አወጣሁ። ቀጥ አድርጌ፣ ሰው እንዲያየው፣ አሁን እናገራለሁ።

ጥሩ፣ ይላል ጓድ ደሞዝ፣ ትንፋሹ ሲወርድለት ይታየኛል፣ ጓድ ማሩ ደግፏል። አይ፣ እኔ ለመናገር፣ በሆዴ ነው የምለው፣ ከኋላዬ ጆንያ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ ካቦ ካወጣማ ብሎ አንዱ፣ ከዚያ ከጎኑ ያለው፣ ዞር ብዬ አያለሁ፣ ክንድ በክንድ ላይ ይነሳል፣ ታንጉ ብቻ እጆቿን አጣጥፋ እኔን ትመለከታለች፣ አይደለም በል፣ አፍህን ክፈት፣ ዕድል ጠይቄ ነው በል፣ ለመናገር ነው እኮ ያወጣሁት፣ ነው፣ ድምፅ ስጡ ሲባል ጠብቄ ለምን አወጣሁ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጬ አሁን፣ አውርደው፣ ካወረድኩት ደግሞ ምን ይባላል፣ ክንዴ አይወርድም፣ እንደተሰቀለ ቀረ።

ፈንቴ ግራ ቀኙን ያያል፣ ምን እንደተጠየቅን አልገባውም፣ ያ ሁሉ ቃል ባጠገቡ ነው ያለፈው። ዓይኑ እኔ ጋ ሲደርስ ያርፋል። ፈገግ ለማለት ይሞክራል። ቆቡን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኝ እጁን ያወጣል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎበት ነበር፣ እንደገና እኔን አይቶ ከፍ ያደርገዋል፣ የእኔ እስካለበት ድረስ።